የአንዲት ጀልባ ዋጋ

የመርከብ ሥራ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ነገሥታት መርከቦች፣ ስለ ታላላቅ የንግድ ኩባንያዎችና ስለ ጦር ኀይሎች ነው። ገንዘቡ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወይም ከባንክ ይወጣል፤ ግንዱ ከሩቅ አገር ደን ተቈርጦ ይመጣል፤ በመቶ የሚቈጠሩ አናጢዎች፣ አንጥረኞችና ሸራ ሰፊዎች በአንድ ግቢ ተሰብስበው ይሠራሉ። የሒሳቡን መዝገብ የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ መጥረቢያውን የሚይዘው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ከዚህ ታሪክ ጎን ለጎን ግን ብዙም ያልተጻፈለት ሌላ ታሪክ አለ። ይኸውም በጓሮው፣ በሰው ማሳ ወይም በባሕር ዳር አሸዋ ላይ ቆሞ፣ በገዛ እጁ ጠርቦ፣ በገዛ ኪሱ ከፍሎ የእንጨት ጀልባ የሠራው ሰው ታሪክ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሒሳብ ያዡም አናጢውም ራሱ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ምስማር ምን እንዳስከፈለው ያውቃል።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሒሳቡን እስከ ሳንቲሙ ጽፎ ያቈየልን ካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም ነው። ስሎከም ስሙ በዓለም የታወቀው ምድርን ብቻውን በጀልባ የዞረ የመጀመሪያው ሰው በመሆኑ ነው። ስለ ጉዞው ብዙ ተብሏል። እዚህ የምንመለከተው ግን ከጉዞው በፊት የነበረውን፣ አንባቢ ወደ ማዕበሉና ወደ ወንበዴዎቹ ለመድረስ እየተቻኰለ በጥቂት ገጾች የሚያልፈውን የአናጢነቱን ዘመን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ስሎከም ስለ ሠራቸው ሁለት ጀልባዎች ሁለት ቍጥሮች ጽፏል። አንደኛው ከ100 ዶላር በታች ይላል፤ ሁለተኛው 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ይላል። ሁለቱም ቍጥሮች እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ግን ጎዶሎ ናቸው። ጎዶሎነታቸውን ባለቤቱም አልደበቀም፤ በሁለቱም ቦታ ከገንዘቡ ጎን ለጎን የራሱን ድካም ለብቻ ለይቶ አንሥቶታል። ስለዚህ የጀልባይቱ እውነተኛ ዋጋ ስንት ነበር የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በመዝገቡ የገባውንና ከመዝገቡ ውጭ የቀረውን ለይቶ በማየት ነው።

ስሎከም በ1844 በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበር፤ በኋላም ለዓሣ አጥማጆች ቦት ጫማ እየሰፋ ቤተሰቡን ያስተዳድር ጀመር። ልጁም ገና በጨቅላነቱ ከአባቱ ጋር የቆዳና የወስፌ ሥራ ላይ ተቀመጠ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ተደብቆ የሠራትን ትንሽ የመርከብ አምሳያ አባቱ አግኝቶ ሰባብሯታል። እናቱ በ1860 ስትሞት የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ ያን ጊዜ ቤቱን ትቶ ባሕር ገባ። ከተራ መርከበኛነት ተነሥቶ ካፒቴን ለመሆን በቃ፤ የአሜሪካ ዜግነትም አገኘ። በ1870ዎቹ በፊሊፒንስ፣ በሱቢክ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ የአንድ የእንፋሎት መርከብ አካል የሠራበት ጊዜም ነበር፤ ለድካሙም ፓቶ የምትባል ባለሸራ መርከብ ተሰጠችው። ይህን ማንሣት ያስፈለገው ኋላ ብቻውን ለሥራ ሲነሣ እጁ ባዶ እንጂ ያልሠለጠነ እንዳልነበረ ለማስገንዘብ ነው። ለሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ሙያ በየትኛውም የዕቃ ዝርዝር ላይ ዋጋ አይጻፍበትም።

የመጀመሪያዋ ጀልባ የተሠራችው በመከራ ነው። በ1887 መጨረሻ አኲድኔክ የምትባለው የገዛ መርከቡ በብራዚል፣ በፓራናጓ ባሕረ ሰላጤ፣ አሸዋ ላይ ወጥታ ተሰበረች። ከእርሱ ጋር የነበሩት በ1886 ያገባት ሁለተኛ ሚስቱ ሄንሪየታ፣ ጎረምሳው ልጁ ቪክተርና ሕፃኑ ጋርፊልድ ናቸው። ወደ አገሩ ለመመለስ የሌላ መርከብ ተሳፋሪ መሆን ይቻለው ነበር። ነገር ግን ሀብቱን ሁሉ በአንድ መርከብ ላይ አድርጎ የነበረ ካፒቴን፣ መርከቡን አጥቶ በሌላ ሰው መርከብ ጥግ ተቀምጦ አገሩ ሲገባ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስሎከም ከስባሪው አጠገብ በአሸዋው ላይ ለቤተሰቡ የምትበቃ ጀልባ መሥራት ጀመረ።

በእጁ የነበሩትን መሣሪያዎች ራሱ ዘርዝሯቸዋል። አንድ ምሳር፣ አንድ መጥረቢያ፣ ሁለት መጋዞች፣ የግማሽ ኢንች መሰርሰሪያና ሌሎች ሁለት የመሰርሰሪያ ጥርሶች ነበሩት። ሁለት ትላልቅ የሸራ መርፌዎችን ደግሞ ለምስማር ቀዳዳ መብሻ አደረጋቸው። ከሁሉ አብልጦ የወደደው ግን ባሕር አውጥቶ በጣለው አሮጌ የሸራ ከረጢት ውስጥ ያገኘውን አንድ ሞረድ ነበር። መጋዝ ሲደነዝዝ በሞረድ ይሳላል፤ ሞረድ ከሌለ መጋዝም የለም፤ መጋዝ ከሌለ ጣውላ የለም። በእንዲህ ያለ ቦታ የአንድ ሞረድ ዋጋ በሱቅ ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጣውላዎቹ እስኪጣበቁ ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ ስላልነበረው ከጉዋቫ ዛፍ ጠርቦ ሠራ።

እንጨቱን የመረጠበት መንገድ የባለሙያ ነው። ለወለሉ አገሬው የብረት እንጨት ብሎ ከሚጠራው፣ እንደ ድንጋይ ከሚከብደው እንጨት፣ ውፍረቱ አንድ ኢንች ከሩብ፣ ስፋቱ 10 ኢንች የሆነ ጣውላ አዘጋጀ። ለጎኗና ለላይኛው ክፍል ቀላል የሆነውን ቀይ ዝግባ ተጠቀመ፤ ከሁለቱ በቀር እያንዳንዱ የዝግባ ጣውላ ከጀልባይቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቀጠል የሚደርስ ነበር። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ስለ ሆነ ጀልባይቱ በማዕበል ላይ በቀላሉ የማትገለበጥ ሆነች። ርዝመቷ 35 ጫማ፣ ማለት ወደ 10 ሜትር ተኩል ያህል፣ ስፋቷ ሰባት ጫማ ተኩል፣ ጥልቀቷ ሦስት ጫማ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀው የምስማሩ ጉዳይ ነው። ከስባሪው መርከብ አጥር፣ ከበሮቹና ከመስኮቶቹ ማጠፊያ የተገኘው ብረት ሁሉ ተነቅሎ ተሰበሰበ። የመርከቧን ሆድ ሸፍኖ የነበረውን የብረት ልባስ የአካባቢው ሰዎች አቅልጠው ምስማር አደረጉት። ረጅሙ ምስማር በልክ ሲቈረጥ ቍራጩ አይጣልም፤ እንደገና ቀልጦ ሌላ ምስማር ይሆናል። ይህም አልበቃም። ስሎከም ከአገሬው ሰዎች 10 ኪሎ ያህል የንጹሕ መዳብ ምስማር ገዛ፤ የከፈለውም በመዳብ ሳንቲም ሲሆን፣ ለአንድ ኪሎ ምስማር ሁለት ኪሎ ሳንቲም እየመዘነ ነበር። ከዚያም አልፎ እነዚያኑ ሳንቲሞች እየቈረጠና እየበሳ ለምስማሮቹ ሮንዴላ አደረጋቸው። ገንዘብ በላዩ በታተመው ቍጥር ሳይሆን በክብደቱ የሚቈጠርበት፣ ከዚያም ራሱ ገንዘቡ የጀልባ አካል የሚሆንበት እንዲህ ያለ ሒሳብ በመጻሕፍት ውስጥ ብዙ አይገኝም። አንድ የምጣኔ ሀብት መምህር ስለ ገንዘብ ምንነት ለማስተማር ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ሸራዎቹን የሰፋችው ሄንሪየታ ናት። ባልዋ ሸራዎቹ በጣም ጥሩ እንደ ነበሩ መስክሮላታል፤ ስለ ድካሟ ግን ከዚህ ሌላ የጻፈው ብዙ አይደለም። የቪክተርም ጉልበት እንዲሁ ነው። ስሎከም እንጨቱን፣ ጣውላውንና ሌላውን ሁሉ ደምሮ ጀልባይቱ ከ100 ዶላር በታች እንደፈጀች ሲናገር፣ የሠሩባት ሰዎች ጉልበት በዚህ ውስጥ አለመቈጠሩን አክሎ ገልጿል። ጀልባይቱ ውሃ የነካችው በ1888 ግንቦት 13 ቀን ነው። ይህ ቀን በብራዚል የባርነት ሥርዓት በሕግ የተሻረበት ቀን በመሆኑ ስሟ ሊቤርዳዴ ተባለ፤ በፖርቱጋልኛ ነጻነት ማለት ነው። ቤተሰቡ በሰኔ ወር ተነሥቶ 5,500 ማይል ያህል ተጕዞ በዓመቱ መጨረሻ ዋሽንግተን ገባ።

የጣናን ዳርቻ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ ዕቃውን ሁሉ ከቆመበት ዳርቻ ሰብስቦ ጀልባ መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም። የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ደንገሉን ከሐይቁ ዳር አጭደው፣ አድርቀውና ጠፍረው ታንኳ ሲሠሩ ኖረዋል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 ራ የተባለችውን የደንገል ጀልባ ለማሠራት ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። የደንገል ታንኳ ዋጋው ከሞላ ጎደል ጉልበት ብቻ ነው። ነገር ግን ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ሥራው መላልሶ ይጀመራል። የእንጨት ጀልባ ዕድሜዋ ረጅም ነው፤ ጣውላን ከጣውላ ጋር አጣብቆ ለዓመታት የሚይዝ ግን ምስማርና ቡሎን ነው። እንጨቱን ከዱር መቍረጥ ይቻላል፤ ብረት ግን ከዱር አይቈረጥም። የእንጨት ጀልባ ሠሪ ኪሱን የሚዳስሰው መጀመሪያ ምስማር ላይ ሲደርስ ነው ማለት ይቻላል። የፓራናጓው ሳንቲም ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል።

ወደ ሁለተኛው ቍጥር እንለፍ። በ1892 ክረምት ስሎከም ዕድሜው ወደ 50 እየተቃረበ በቦስተን ሥራ ፈትቶ ይኖር ነበር። ዘመኑ የእንፋሎትና የብረት ዘመን ሆኗል። የሱዌዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ የባሕር ንግዱ ከሸራ ወደ ከሰል እየዞረ ሄደ። ትላልቆቹ ባለሸራ መርከቦች ምሰሷቸው እየተቈረጠ የድንጋይ ከሰል መጫኛ ሆኑ፤ እንደ ከብት በአፍንጫቸው እየተጎተቱም ከወደብ ወደ ወደብ ይሄዱ ጀመር። ካፒቴኖቻቸውም ወደ መርከበኞች መጦሪያ ገቡ። ስሎከም ቢያንስ በመርከብ መሥሪያ ግቢ በአናጢነት ልሥራ ቢል፣ ግቢው ከመግባቱ በፊት ለአንድ ማኅበር 50 ዶላር እንዲከፍል ተጠየቀ። ሊቤርዳዴ ባለቀችበት ገንዘብ ልክ ሲታይ፣ የሥራ በር ለማለፍ ብቻ የተጠየቀው የአንዲት ጀልባን ዋጋ ግማሽ ያህላል።

በዚህ ጊዜ ነው የቀድሞው የዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴን ኢበን ፒርስ መርከብ እሰጥሃለሁ፣ ጥቂት እድሳት ግን ያሻታል ያለው። መርከቢቱ ያለችው ከኒው ቤድፎርድ ማዶ በፌርሄቨን ነበር። ስሎከም በማግሥቱ ሄዶ ሲያያት ስፕሬይ የምትባል፣ ከባሕር ርቃ በሰው ማሳ ላይ ተደግፋ የቆመች፣ ሸራ የለበሰች እጅግ ያረጀች ጀልባ ሆና አገኛት። ፒርስ በጓደኛው ላይ የቀለደ ይመስላል። የሰፈሩ ሰዎች የጠየቁት አፍርሰህ ልትወስዳት ነወይ ብለው ነው፤ መልሶ የሚሠራት መሆኑን ሲሰሙም አንድ ዓመት ሙሉ ያልተለየው ጥያቄ ተከተለ፤ ይከፍላል ወይ? ማለት፣ ወጪውን የሚመልስ ትርፍ ይኖረዋልን?

ሥራው የተጀመረው ከአጠገቡ ከቆመ አንድ ጠንካራ የኦክ ዛፍ ነው። ስሎከም ዛፉን ራሱ ቈርጦ ለጀልባይቱ የታች ዋና ግንድ አደረገው፤ አንድ ገበሬም በጥቂት ገንዘብ ግንዱን ጎትቶ አመጣለት። የእንፋሎት ሣጥንና የውሃ ማፍያ ድስት አዘጋጀ። ቀጥ ያሉ ለጋ ዛፎችን ጠርቦ በእንፋሎት እስኪለዝቡ ካበሰላቸው በኋላ በግንድ ላይ አጕብጦ እስኪደርቁ ያስራቸው ነበር። እነዚህ የጀልባይቱ የጎን አጥንቶች ሆኑ። አንድ አሮጌ አጥንት ሲያወጣ አንድ አዲስ ያስገባል፤ አንድ የበሰበሰ ጣውላ ሲያነሣ አዲስ ይተካል። በዚህ አሠራር አሮጌይቱ ለአዲሲቱ መለኪያ ሆነች፤ የንድፍ ወጪም ቀረ። አሮጌይቱ የሞተችበትና አዲሲቱ የተወለደችበት ሰዓት የቱ እንደ ሆነ መናገር እንደማይቻል ስሎከም ራሱ ጽፏል፤ በመርከብ መዝገብ ሕግ ግን ጥቂት በጥቂት ሁለንተናዋ የታደሰች መርከብ የቀድሞ ስሟን እንደያዘች ትኖራለች።

ገንዘብ የወጣበት ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ለጎኗ የተለበጠው ውፍረቱ አንድ ኢንች ተኩል የሆነ የጆርጂያ ጥድ ጣውላ ነበር። ጆርጂያ ከፌርሄቨን እጅግ ሩቅ ስለ ሆነች ይህ ጣውላ እንደ ኦክ ዛፉ ከአጥር ጥግ የሚቈረጥ አይደለም። የሸራዋ ምሰሶ የኒው ሃምፕሺር ዛፍ ነበር። የጣውላዎቹ መገጣጠሚያ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር በሚያልፍ ቡሎን በዳዶ ተጠብቆ ታሰረ፤ በጠቅላላው ወደ 1,000 የሚጠጋ ቡሎን ገባባት። ርካሽ ምስማር በቂ ሊሆን ይችል ነበር። ስሎከም ግን ጠንካራ ጀልባ መሥራት ዓላማው ስለ ነበረ በዚህ ላይ አልቆጠበም። ጣውላዎቹ በውስጥ ጠርዛቸው ብርሃን እንዳያሳልፉ ተደርገው ተገጠሙ፤ በውጭ ጠርዛቸው የቀረው ስንጥቅ በጥጥ ተወተፈ። ሆዷ የመዳብ ቀለም፣ ጎኗ ነጭ ቀለም ሁለት ሁለት ጊዜ ተቀባ። ስትጨርስ ርዝመቷ 36 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ወደ 11 ሜትር ከሩብ ያህል፣ ስፋቷ 14 ጫማ ከ2 ኢንች ሆነ።

በዚያ ማሳ የነበረው ኑሮ የተባረከ ነበር ማለት ይቻላል። የጀልባይቱ አፍንጫ ከግንዱ ጋር የተገጠመ ዕለት ጡረታ የወጡ የዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴኖች ከሩቅ መጥተው መረመሩት፤ በረዶ ለመስበር የሚበቃ ነው ብለውም በአንድ ቃል ፈረዱ። ከአጠገቡ ከጥንት ሰፋሪዎች አንዱ የሆነው የጆን ኩክ መቃብር ነበረ፤ በመቃብሩ ላይ ያለው ዛፍ ሲያፈራ ስሎከም ከጀልባይቱ ላይ ሆኖ እጁን እየዘረጋ ቼሪ ይለቅም ነበር። ወሬ ለማውራት የሚመጣ ጎረቤት በመጣ ቍጥርም መጥረቢያው ይቆማል። ይህም ጊዜ በሒሳቡ የለም።

ሥራው ሲያልቅ የተጻፈው ሒሳብ ይህ ነው፤ ለዕቃ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም፣ ለጉልበት የገዛ ራሱ 13 ወር። በፌርሄቨን የቆየው ግን ከ13 ወር በላይ ነው። ምክንያቱም ወደብ ላይ የዓሣ ነባሪ መርከቦች ሲታደሱ በየጊዜው እየተቀጠረ ይሠራ ነበር። ወጪውን በአንድ ጊዜ የሚሸፍን ጥሪት አልነበረውም፤ ሥራው ገንዘብ ሲያገኝ ይገፋል፣ ገንዘብ ሲያጥር ይቆማል። በቤቱ ጀልባ የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የዕቃ መግዣ ገንዘብ በአንድ ቀን የሚከማች ሳይሆን በየሳምንቱ የሚንጠባጠብ ነው፤ ቀድሞ መገዛት ያለበትንና ሊቆይ የሚችለውን መለየትም ከጥርቡ የማያንስ ሙያ ነው።

ለመሆኑ 13 ወር በገንዘብ ቢተመን ስንት ይሆናል? ለምሳሌ ያህል በወር 26 ቀን ሠራ ብንል 338 ቀን ነው። ቀኑን በአንድ ዶላር ብንተምነው 338 ዶላር፣ በሁለት ዶላር ብንተምነው 676 ዶላር ይሆናል። በሁለተኛው ስሌት የሠሪው ላብ ከእንጨቱ፣ ከቡሎኑና ከቀለሙ ሁሉ ይበልጣል ማለት ነው። ግን የአንድ ካፒቴን፣ አናጢና ሸራ ሰፊ ጉልበት በተራ የቀን ሠራተኛ ሒሳብ መተመን አለበትን? በሌላ በኩል ደግሞ ዘመኑ ለእነዚያ ሙያዎች ምንም ሥራ ስላልነበረው የዚያ ሰው ቀን በገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የማይሸጥ ቀን ዋጋ አለው ወይስ የለውም? ስሎከም ይህን ጥያቄ አላነሣም። የሠራው ነገር ቢኖር ገንዘቡን በገንዘብ፣ ቀኑን በቀን ጽፎ ሁለቱን ሳይደምር መተው ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ከማናቸውም ስሌት የበለጠ ሐቀኛ አጻጻፍ ነው። ይህ ማለት ግን መዝገቡ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። በነጻ የተሰጠችው አሮጌ ጀልባ፣ ያለ ኪራይ የቆመችበት ማሳ፣ የኦክ ዛፉ፣ የፒርስ ወዳጅነት፣ የካፒቴኖቹ ምክር ሁሉ ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። ይህን ሁሉ የሚያጣ ሰው ያችኑ ጀልባ በ553 ዶላር ሊሠራት አይችልም።

ይከፍላል ወይ ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ የሚያሳፍር ነበር። ስሎከም አንድ ወራት ዓሣ ሊያጠምድባት ቢሞክር መንጠቆ ላይ ምግብ በወጉ ማድረግ እንኳ የማይሆንለት ሰው ሆኖ ተገኘ። በ1895 ሚያዝያ 24 ቀን ከቦስተን ተነሥቶ ወደ ባሕር ሲወጣም ቁጠባው አልተለየውም። በግሎስተር የተጣለች ትንሽ ጀልባ አግኝቶ መሀል ለመሀል በመጋዝ ቈረጣትና የተቈረጠውን ጫፍ በሳንቃ ዘግቶ ግማሿን መቅዘፊያ ጀልባና የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አደረጋት። የባሕር ሰዓቱን ለማስጠገን 15 ዶላር ሲጠየቅ ትቶት ሄደ፤ በያርማውዝ አንድ የቆርቆሮ ሰዓት ገዛ። ዋጋው አንድ ዶላር ተኩል ነበረ፤ ፊቱ ስለ ተሰበረ ግን ነጋዴው በአንድ ዶላር ለቀቀለት። ምድርን የዞረው በዚህ ሰዓት ነው። በሁዋን ፈርናንዴዝ ደሴት ለነዋሪዎቹ ሞራ ሸጦ አሮጌ ሳንቲሞች ተቀበለ። በሜልቦርን ወደብ የቀረጥ 6 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ሲጠየቅ ጀልባይቱን ሊያዩ ከሚመጡት ሰዎች በነፍስ ወከፍ 6 ፔኒ እያስከፈለ ሒሳቡን አወራረደ። ያ ከፌርሄቨን መስክ የተቈረጠ ኦክ ደግሞ በሕንድ ውቅያኖስ በኪሊንግ ደሴቶች አጠገብ የዛጎል ድንጋይ ለሁለት ሲሰነጥቅ ራሱ አልተሰነጠቀም።

ስፕሬይ ከ46,000 ማይል በላይ ተጕዛ በ1898 ሰኔ 27 ቀን ኒውፖርት ገባች፤ በሐምሌ 3 ቀን ስሎከም ወደ ፌርሄቨን ወስዶ መጀመሪያ ውሃ ስትነካ ከታሰረችበት የዝግባ ችካል ላይ አሰራት። የጉዞው ታሪክ በ1900 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። በመጨረሻ የከፈለው ዓሣውም ጭነቱም ሳይሆን ብዕሩ ሆነ ማለት ነው፤ በ1902 በማርታስ ቪንያርድ ደሴት ትንሽ እርሻ ለመግዛት በቃ። በ1909 ኅዳር ወር በዚያችው ጀልባ ብቻውን ወጥቶ አልተመለሰም፤ እርሱም ስፕሬይም ዳግመኛ አልታዩም።

ከእርሱ በኋላ የስፕሬይን ልክ ወስደው በየጓሮአቸው የሠሩ ሰዎች በብዙ አገሮች ተነሥተዋል፤ ብዙዎቹ መርከበኞች አልነበሩም። በጓሮ የሚሠራ ጀልባ የብዙኀን ነገር የሆነው ግን በ1963 በእንግሊዝ አገር ነው። ባሪ ባክኔልና ጃክ ሆልት በዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ድጋፍ ሚረር የተባለች ሦስት ሜትር ከ30 ሳንቲም ያህል የምትረዝም ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ነደፉ። ግንድ መጥረብ፣ አጥንት በእንፋሎት ማጕበጥ የለባትም። በልክ የተቈረጠ ኮምፔንሳቶ ጠርዝ ለጠርዝ ተጋጥሞ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል፤ ከዚያም ስፌቱ በመስተዋት ክር ጨርቅና በሚደርቅ ሙጫ ይለበጣል። ወስፌ ይዞ ያደገው የጫማ ሰፊ ልጅ ይህን ስፌት ቢያየው ሥራውን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም። ዕቃው ሁሉ በአንድነት ታሽጎ የሚሸጥበት ዋጋ 63 ፓውንድ ከ11 ሺሊንግ ነበር፤ ገዢው ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል እንደሚያወጣ ያውቃል፤ ስንት ቅዳሜና እሑድ እንደሚፈጅበት ግን የሚያውቀው ሲጨርስ ነው። ሸራዋ ቀይ ነው፤ በሸራዋ ላይ የሚሰፋው ተራ ቍጥርም ከ70,000 አልፏል።